ከወሊድ ፈቃድ መልስ የታለፈ የሥልጠና ዕድል፦ አድልዎ መሆኑን በምን ማስረዳት ይቻላል?

ጥያቄው፦ «በደሴ ከተማ በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሕክምና ስፔሻሊስትና ረዳት ፕሮፌሰር ሆኜ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት ወልጄ፣ ፈቃዴን ጨርሼ ስመለስ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ከቀደሙት ዓመታት ሁሉ አንሶ ጠበቀኝ። ቀጥሎም የትምህርት ክፍላችን ላገኘው አንድ የሰብ ስፔሻሊቲ (ከስፔሻሊስትነት በላይ ያለ ልዩ ሙያ) ሥልጠና ቦታ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ወንድ ባልደረባዬ ተመረጠ። ምክንያቱን ብጠይቅ ‹ልጅሽ ገና ጡት አልጣለም፤ ለአንቺው አስበን ነው› የሚል የቃል መልስ ተሰጠኝ። ይህ በሕግ አድልዎ ነው? በምን ላስረዳ? አቤቱታዬን ለማን ላቅርብ? ብከስስ ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ኑሮዬስ ምን ይሆናል?»

የተከበሩ ዶክተር፣

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ያለኝ መልስ አጭር ነው። ነገሩ እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ አዎን፣ በሕግ የተከለከለ አድልዎ ነው። ረጅሙ ሥራ ማስረዳቱ ነው። እዚህ ደሴ የሠራተኛና የአስተዳደር ጉዳዮችን ይዤ ጥብቅና በቆምሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ በደል የደረሰባቸው ሰዎች በደላቸውን እንደ ስድብ ይተርኩታል፣ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ወይም ዳኛ ግን እንደ ሒሳብ ተሰልቶ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። በዚህ መሐል እውነተኛ አቤቱታ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ምላሽ አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ለማስረጃው ነው፤ ሕጉንና አቤት የሚባልበትን ቦታ ለመንገዱ የሚበቃውን ያህል ብቻ እነካዋለሁ።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በፆታ ምክንያት ልዩነት ሳይደረግ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ደግሞ ለሴቶች መብት ተለይቶ የተጻፈ ሲሆን፣ ንዑስ አንቀጽ 8 በቅጥር፣ በሥራ ዕድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ ረገድ እኩል መብት ያረጋግጥልዎታል፤ ንዑስ አንቀጽ 5 ሙሉ ክፍያ ያለው የወሊድ ፈቃድን መብት ያደርገዋል። እነዚህን ሁለት ንዑስ አንቀጾች ጎን ለጎን አድርገው እንዲያነቧቸው እለምንዎታለሁ። በንዑስ አንቀጽ 5 የተሰጣትን ፈቃድ የወሰደች ሴት በዚያው ምክንያት በንዑስ አንቀጽ 8 የተሰጣትን የዕድገት እኩልነት የምታጣ ከሆነ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንድ እጁ የሰጣትን በሌላው ነሥቷታል ማለት ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ትርጉም የሚቀበል ዳኛ ይኖራል ብዬ አላምንም። ከዚህም ሌላ ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1981 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በቀጥታ ጠቅሶ ፍርድ ሰጥቷልና፣ ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአገር ውስጥ ችሎት መጥቀስ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚያ ስምምነት ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው አንቀጽ ነው። አንቀጹ አድልዎን ሲተረጉም «ዓላማው ወይም ውጤቱ» የሴቶችን መብት የሚያሰናክል ማንኛውም ልዩነት፣ ማግለል ወይም ገደብ ይለዋል። «ወይም» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የክፍል ኃላፊዎ ሴቶችን የሚንቁ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ምናልባት ደግ ሰው ናቸው፤ ምናልባት በእውነት አስበውልዎታል። በአገራችን ሴትን ከዕድል የሚያርቀው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቁጣ ድምፅ ሳይሆን በአባትነት ድምፅ ነው፤ «እንዳትቸገሪ»፣ «ቤትሽ እንዳይፈታ»፣ «ልጁ ያሳዝናል» እየተባለ። ሕጉ ለእናት የሰጠው ጥበቃ እርሷ የምትጠቀምበት ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ መሠልጠን ትችል እንደሆነ የምትወስነው ራሷ ናት፤ ከባለቤቷና ከቤተሰቧ ጋር የምትመክርበት ነገር ነው እንጂ የትምህርት ክፍል ስብሰባ አጀንዳ አይደለም። ተጠይቀው «አልችልም» ብለው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባለቀ ነበር። እርስዎ ግን አልተጠየቁም። አቤቱታዎ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ይህ መሆን አለበት፦ «ፍላጎቴና ዝግጁነቴ ሳይጠየቅ ተወስኗል።»

ማስረጃ ከማሰባሰብዎ በፊት የቅጥር ደብዳቤዎን ያውጡና ማን እንደቀጠረዎት ይመልከቱ። በደሴ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በአንድ ዎርድ አብረው ራውንድ የሚዞሩ ሁለት ሐኪሞች አንዱ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሌላው የክልሉ ጤና ቢሮ ሠራተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ረዳት ፕሮፌሰር ተብለው ከተቀጠሩ የእርስዎ ጉዳይ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ፣ ማለትም በውስጥ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ይታያል። የክልሉ ሠራተኛ ሆነው የማስተማር ተግባር የተደረበልዎት ከሆነ ደግሞ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይገዛዎታል። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሐኪሞች በደሴ ወይም በኮምቦልቻ በግል ኮሌጅ የሚያስተምሩ ከሆነ የሚመለከታቸው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ይህ አዋጅ በፆታ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን በአንቀጽ 14 ይከለክላል፣ 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ግን በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንዲታገድ ያደርጋል። ቀጣሪውን ሳይለዩ የተጻፈ አቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ወራት ያልፋሉ።

አሁን ወደ ማስረጃው። በዓለም ላይ ስለዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ለእርስዎ አርአያ እንዲሆን የምመርጠው በስዊድን የተሠራውን ነው። ክርስቲን ዌነሮስ እና አግነስ ቮልድ የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች የአገራቸው የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ለድኅረ ዶክትሬት የምርምር ድጋፍ የሰጠውን ነጥብ ለማየት ጠየቁ። አመልካቾቹ 114 ነበሩ፤ 62 ወንዶችና 52 ሴቶች። ድጋፉን ካገኙት 20 ሰዎች መካከል ግን 16ቱ ወንዶች፣ 4ቱ ሴቶች ነበሩ። ምክር ቤቱ ነጥቦቹን አልሰጥም ቢልም ፍርድ ቤት ሰነዶቹ የሕዝብ ናቸው ብሎ ወሰነ። ሴቶቹ የእያንዳንዱን አመልካች የታተሙ ሥራዎች ቆጥረው ከተሰጠው ነጥብ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ አንዲት ሴት ከአንድ ወንድ ጋር እኩል የብቃት ነጥብ እንዲሰጣት ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል የበለጠ የምርምር ውጤት ሊኖራት እንደሚገባ አገኙ። ጽሑፋቸው በ1997 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ታተመ። ሁለቱ ሴቶች ማንንም አልዘለፉም፤ የነጥብ ወረቀቱን አስወጡ፣ ከሥራው ጋር አስተያዩት። እርስዎም ማድረግ ያለብዎት በአነስተኛ መጠን ያንኑ ነው።

የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ወረቀት ለሥልጠናው ቦታ የወጣው የመምረጫ መስፈርት ነው፤ ከምርጫው በፊት የወጣ መሆን አለመሆኑን ቀኑን አይተው ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም ተመራጩ ከታወቀ በኋላ የተጻፈ መስፈርት ራሱ ማስረጃ ይሆንልዎታል። ሁለተኛው የተወዳዳሪዎቹ የነጥብ ሠንጠረዥ፣ ሦስተኛው የምርጫው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። ሠንጠረዥ ጨርሶ ካልተሠራ፣ «ውድድሩ ያለ ነጥብ ተካሂዷል» የሚለው መልስ በጽሑፍ ይሰጥዎት ዘንድ ይጠይቁ። ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ ራስዎንና የተመረጠውን ባልደረባዎን በሁለት ረድፍ አስቀምጡ፤ የቅጥር ዘመን፣ የማስተማር ሰዓት፣ ያማከሯቸው ሬዚደንቶች ብዛት፣ የታተሙ ጽሑፎች፣ የቀደሙት ዓመታት አፈጻጸም ውጤት። እርሱ የሚበልጥበትም ካለ ሳይሸሽጉ ይጻፉት። የራስን ድክመት የደበቀ ሠንጠረዥ በመጀመሪያው መልስ ይፈርሳል፤ ሳይደብቁ ያቀረቡት ግን ተከሳሹን ወገን «ታዲያ ለምን?» ወደሚለው ጥያቄ ይገፋዋል።

«እርሱ ስለሚበልጥ ነው» የሚለው መልስ እንደሚመጣ ከወዲሁ ይወቁ። በአሜሪካ በ24 የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ 10,241 ሐኪሞችን ደመወዝ መርምሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን መልስ እንዴት መሞገት እንደሚቻል ያሳያል። አጥኚዎቹ በወንዶችና በሴቶች መካከል በዓመት 51,315 ዶላር ልዩነት አገኙ፤ ነገር ግን በዚያ አላቆሙም። ዕድሜን፣ ልምድን፣ የስፔሻሊቲ ዓይነትን፣ የማዕረግ ደረጃን፣ የምርምር ውጤትንና ሌሎች ለልዩነቱ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን አንድ በአንድ ቀንሰው ሲያዩ 19,878 ዶላር የሚሆነው ልዩነት ሳይገለጽ ቀረ። እርስዎም ተቃራኒው ወገን ሊያነሣ የሚችለውን ምክንያት ሁሉ አስቀድመው ያንሡና በሰነድ ይመልሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ምክንያቱ ምን እንደሆነ የማስረዳቱ ሸክም በፍርድ ሰጪው ዓይን ወደ እነርሱ ያዘነብላል።

የዝቅተኛው አፈጻጸም ውጤትዎ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ለሥልጠናው መታለፍዎ ሰበብ ሆኖ የሚቀርበው እርሱ ነው። የአንድ መምህር ምዘና የሚሞላው በተማሪዎች፣ በባልደረቦችና በክፍሉ ኃላፊ ነው። የሦስቱንም ነጥብ ለየብቻ ያስወጡ። የተማሪዎቹ ነጥብ እንደ ወትሮው ሆኖ የኃላፊው ብቻ የወረደ ከሆነ ነገሩ ራሱን ይናገራል። ቀጥሎ ስሌቱን ይመርምሩ። 120 ቀን ፈቃድ ከዓመቱ ሲሶ ገደማ ነው። ያስተማሩበት ሰዓት፣ የተረኝነት ቁጥርና ያከሟቸው ሕሙማን ብዛት ከአሥራ ሁለት ወር ዕቅድ ጋር ተነጻጽሮ ከሆነ፣ ማንም ሰው ቢሆን በሲሶው ያህል መውደቁ የማይቀር ነው፤ በሕግ ፈቃድ ላይ የነበሩበት ጊዜ እንደ ሥራ መጓደል ተቆጥሯል ማለት ነው። በሠሩበት ስምንት ወር ብቻ ተከፍሎ ሲሰላ ውጤቱ ስንት እንደሚሆን አስልተው ከአቤቱታው ጋር አያይዙት። በእኔ እምነት ከጉዳይዎ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ይህ ነው፤ የማንም አስተያየት ሳያስፈልገው በቁጥር ብቻ የሚቆም ነውና።

የአሠራር መዝገቦችንም አይርሱ። ሥልጠናው በጨጓራና አንጀት ሕክምና ከሆነ «እርሱ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ የውስጥ አካልን በማየት) የበለጠ ልምድ አለው» መባሉ አይቀርም። ያ ልምድ ከየት መጣ? በፕሮግራም ማን ማንን መደበ? የኢንዶስኮፒ ክፍሉ መዝገብ በየወሩ ማን ስንት እንደሠራ ያሳያል። ከመውለድዎ በፊትም ቢሆን ወደ ተመላላሽ ክፍል ብቻ ይመደቡ የነበረ ከሆነ፣ የልምዱ ማነስ የአድልዎው ውጤት እንጂ ማስተባበያው አይሆንም። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቅዎት አለ፤ ቁጥሩን ይውሰዱ እንጂ የሕሙማን ስም ያለበትን ገጽ ፎቶ አያንሡ። የታካሚን ምስጢር አወጣች ተብሎ የዲሲፕሊን ክስ ቢቀርብብዎ ከሳሽነትዎ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናሉ። የስብሰባ ንግግርን በስልክ ደብቆ መቅዳትንም አልመክርም። በምትኩ የቃል መልስ በተሰጠዎት ዕለት ማታ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንዳለና የነበሩትን ሰዎች በማስታወሻ ይጻፉ፤ በማግስቱም ለኃላፊው አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይላኩ፦ «ትናንት በቢሮዎ ባደረግነው ንግግር ለሥልጠናው ያልተመረጥሁት ልጄ ጡት ባለመጣሉ እንደሆነ ገልጸውልኛል፤ የተረዳሁት በስሕተት ከሆነ እንዲያርሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ካልታረመ ዝምታው ይጠቅምዎታል፤ ከታረመ ደግሞ አዲሱ ምክንያት በጽሑፍ እጅዎ ገባ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን አባባል እንደ እኛ ባለ ሙያ ያለ ሰው በየቀኑ ይኖረዋል።

የድጋፍ ደብዳቤዎችንም በጥንቃቄ ያንብቡ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመምህርነት ለተወዳደሩ ሐኪሞች የተጻፉ ከ300 በላይ የድጋፍ ደብዳቤዎችን መርምሮ፣ ለሴቶች የተጻፉት አጠር ያሉና ጥርጣሬ የሚያጭሩ ቃላት የሚበዙባቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። በአማርኛ «ታታሪና ታዛዥ ናት» እና «በዘርፉ የላቀ ብቃት አለው» የሚሉት ሁለት ምስጋናዎች በመምረጫ ኮሚቴ ፊት እኩል አይመዝኑም።

የደሴና የኮምቦልቻ ሰው የሚያውቀው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በሁለቱ ከተሞች የጤናና የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ጉዳቱም ከሕክምና መሣሪያ አልፎ ቢሮዎችንና መዛግብትን ነክቷል። ከዚያ በፊት የነበረ የአገልግሎት ዘመንዎ ወይም የአፈጻጸም ውጤትዎ በግል ማኅደርዎ ውስጥ ከሌለ፣ ዛሬውኑ ማኅደርዎን እንዲያዩ ይጠይቁና የጎደለውን ከራስዎ ቅጂ፣ ከደመወዝ መክፈያ ሰነድና ከባንክ መግለጫ ይሙሉት፤ የተሞላውም ገቢ ተደርጎ ቁጥር እንዲሰጠው ያድርጉ። በክርክር መሐል «ማኅደሩ ጠፍቷል» ሲባል መስማት ከሁሉ የከፋ ነው።

ሰነዶቹን አንሰጥም ቢሉስ? «የመምረጫ ኮሚቴ ውይይት ምስጢር ነው» መባሉን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህን ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን በሚመለከት መዝገብ ላይ መርምሮ ውድቅ አድርጎታል፤ አንዲት መምህርት ቋሚ ሹመት ተከልክላ አድልዎ ደርሶብኛል ስትል፣ ዩኒቨርሲቲው የባልደረቦች ግምገማ ሰነዶችን ከመርማሪው አካል የሚሸሽግበት ልዩ መብት እንደሌለው ሁሉም ዳኞች ተስማምተው ወሰኑ። የእኛ አገር መሣሪያ የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ጥያቄውን በጽሑፍ ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ያቀርባሉ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥዎ ይገባል፤ ከተከለከሉ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላሉ። አዋጁ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃን ስለሚጠብቅ፣ የባልደረባዎን ሙሉ ማኅደር አይጠይቁ፤ መስፈርቱን፣ የነጥብ ሠንጠረዡንና ቃለ ጉባኤውን ብቻ ይጠይቁ። ጠባብ ጥያቄ ለመከልከል አይመችም።

አቤቱታው ራሱ ከሦስት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስለ ክፍሉ ኃላፊ ጠባይ አንድም ቅጽል አያስፈልገውም። የሚጠይቁትን መፍትሔ ለይተው ይጻፉ፦ የአፈጻጸም ውጤቱ በሠሩበት ጊዜ ተሰልቶ እንዲታረም፣ ምርጫው በወጣው መስፈርት እንደገና እንዲካሄድ፣ ያ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ቀጣዩ የሥልጠና ቦታ በግልጽ ውድድር እንዲሰጥ። ገንዘብ ካሳን የጉዳይዎ ምሰሶ አያድርጉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስም (ያለ ውል ለደረሰ ጉዳት የሚቀርበው) በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በማሳቹሴትስ አንዲት የማደንዘዣ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበሩ ሐኪም ያቀረቡት የፆታ አድልዎ ክስ በ2013 እ.ኤ.አ. በሰባት ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ማለቁን አንብበው ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ይዞ እዚህ ችሎት መግባት ራስን ማታለል ነው። የእርስዎ ጥቅም ያለው የተበላሸውን ውድድር በማስደገም ላይ ነው።

አቤቱታው በቅድሚያ የሚቀርበው በተቋሙ የውስጥ መንገድ ነው፤ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለዲኑ፣ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው፣ ከዚያም በሴኔት ሕጉ እስከተመለከተው የበላይ አካል ድረስ፤ ግልባጩን ለሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ያድርጉ። በየደረጃው ያለውን የጊዜ ገደብ ከሴኔት ሕጉ አውጥተው በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ። የውስጡ መንገድ ሲያልቅ ወይም መልስ ሲከለከሉ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታን ያለ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ውሳኔያቸው እንደ ፍርድ አይፈጸምም፣ ነገር ግን የምርመራ ሪፖርታቸው በፍርድ ቤት ክብደት አለው። ወደ ችሎት የሚሄዱ ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳዮችንም በውክልና ስለሚያዩ፣ ቀጣሪዎ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ ብቻ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ አለብኝ ብለው አይሥጉ።

ደብዳቤዎ ላይ የወሲብ ትንኮሳ ነገር አልጠቀሱም። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ግን በአጭሩ ልበል፤ አስተማሪ ወይም አሠሪ ሥልጣኑን ተጠቅሞ የሴትን ጥገኝነት ለወሲብ መጠቀሚያ ማድረጉ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 ያስቀጣል፤ ክሱ የሚጀመረው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው። እርሱ ሌላ መንገድ ነውና ከዕድገት ጥያቄ ጋር በአንድ ወረቀት አይቀላቀል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ብከስስ ምን ይሆናል ብለዋል። በቀል ሲመጣ «በቀል ነኝ» ብሎ አይመጣም። ሳጉን ቱሊ የተባሉ የነርቭና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በቦስተን በአንድ የሐርቫርድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ላይ በመሠረቱት ክስ በሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪ) ፊት ከቀረቡት ነገሮች አንዱ፣ ቅሬታ ያቀረቡባቸው የበላይ ኃላፊ የሥራ ፈቃዳቸውን ለሚያድሰው ኮሚቴ ስለ ጠባያቸው ያቀረቡት መግለጫና ከዚያ የተነሣ የሥነ ልቦና ምርመራ እንዲያደርጉ የተጣለባቸው ግዴታ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የተሰየሙት የሕዝብ ዳኞች የሥራ ቦታ ጥላቻና በቀል ተፈጽሟል ብለው 1.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2011 እ.ኤ.አ. አጸናው። በእኛ ዘንድም «አስቸጋሪ ናት»፣ «ከሰው አትግባባም» የሚሉ ቃላት በድንገት በምዘና ቅጽ ላይ መታየት ይጀምራሉ፤ የተረኝነት ድልድል ይቀየራል፤ የምርምር ፈንድ ፊርማ ይዘገያል። ስለዚህ አቤቱታውን ከማስገባትዎ በፊት ያለፉትን ስድስት ወራት የተረኝነት ፕሮግራም፣ የማስተማር ድልድልና የዲውቲ ክፍያ ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ሁሉ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። በቀልም እንደ አድልዎው ሁሉ የሚረጋገጠው በማነጻጸር ነው።

ሥራ ለመልቀቅ አይቸኩሉ። ፍራንሲስ ኮንሊ የተባሉ የስታንፎርድ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር በ1991 እ.ኤ.አ. በሥራ ቦታ ያለውን የፆታ ንቀት በመቃወም ሥራ እንደሚለቁ ሲያስታውቁ ነገሩ አገር ያወቀው ሆነ፤ በኋላም ተቃውሞ ያቀረቡበት የክፍሉ ኃላፊ ከቦታው ተነሥተው እርሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እርሳቸው ግን የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግና ዓለም የሚሰማው ድምፅ ነበራቸው። እርስዎ ቢለቁ የሚከተልዎት የትምህርት ውል የግዴታ አገልግሎት ሒሳብና «በፈቃዷ ለቃለች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ሽምግልና። ወሎ ነውና፣ አቤቱታው በገባ በሳምንቱ አንጋፋ ሐኪሞች ወይም የቤተሰብ ወዳጆች «በመካከላችሁ እንነጋገር» ብለው እንደሚመጡ እጠብቃለሁ። እንቢ አይበሉ፤ በአክብሮት ተቀብለው ያነጋግሯቸው። ሽምግልና ብዙ የሥራ ቦታ ጠብን ሲያበርድ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም ከችሎት የተሻለ መፍትሔ ያመጣል። ነገር ግን የሚስማሙበት ነገር «ይቅር ተባባሉ» ብቻ እንዳይሆን፤ የታረመው የአፈጻጸም ውጤት ወይም የሚቀጥለው የሥልጠና ቦታ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ የሚመለከተው ኃላፊ ይፈርምበት። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ በሴኔት ሕጉ ላይ ያለው የቅሬታ ጊዜ ይቆጠራል፤ ንግግሩ ገደቡን አያቆመውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሽምግልና ቀን በፊት ሦስት ገጹን አቤቱታ በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና ቀኑና ቁጥሩ የተጻፈበትን፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።